የመላኪያ ዋጋ ትርፌን ጨረሰው፤ እናንተ እንዴት ነው የምትችሉት?

ጥልፍና_ክር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእጅ ሥራ በኦንላይን እሸጣለሁ። የአንገት ሻርፕ፣ ትራስ፣ በፍሬም የገቡ ጥልፎች። ሽያጩ ክፉ አይደለም፣ ተመስገን ነው። መከራዬ መላኪያው ነው። ደንበኛው ዕቃውን ወዶ፣ ቀለም መርጦ፣ ቅርጫት ውስጥ ከትቶ መጨረሻ ላይ የመላኪያውን ዋጋ ሲያይ እግሬ አውጪኝ ይላል። እሺ እኔው ልቻለው ብዬ ደግሞ ወር ሲያልቅ ቁጭ ብዬ ስደምረው ለካ የምሠራው ለፖስታ ቤት ነው። ትራሱ በተለይ ያናድደኛል። ያ ላባ የሚያህል ነገር ከዋጋው ግማሽ የሚጠጋ መላኪያ ይጠየቅበታል። ቀላል ዕቃ ለምንድን ነው እንዲህ የሚወደደው? ዋጋ ልጨምር? «መላኪያ ነጻ» ልበል? ወይስ ትራሱን እርግፍ አድርጌ ልተወው? የምታውቁትን ወዲህ በሉ። «ርካሽ ኩሪየር ፈልጊ» የሚለውን ግን ተዉልኝ፣ ፈልጌ ደክሞኛል።

ካርቶን_አጣፊ፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ንገሪኝ። ትራሱን የምትልኪበት ካርቶን ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ ስንት ነው? ክብደቱስ?

ጥልፍና_ክር፦
40 በ40 በ20 ሳንቲ ሜትር። ከነካርቶኑ 900 ግራም አካባቢ ነው። አንድ ኪሎ እንኳን አይሞላም እኮ!

ካርቶን_አጣፊ፦
በይ እንግዲህ ቁርጡን ልንገርሽ። ኩሪየሩ የሚያስከፍልሽ የ6.4 ኪሎ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኩሪየሮች ሁለት ዓይነት ክብደት ይይዛሉ። አንዱ ሚዛን ላይ የሚታየው ነው። ሌላው የመጠን ክብደት የሚሉት ነው። ሦስቱን ልኬቶች በሳንቲ ሜትር ያባዙና ለ5,000 ያካፍሉታል። ለ6,000 የሚያካፍሉም አሉ፣ ግን 5,000 ነው የተለመደው። ያንቺ ሲባዛ 32,000 ይሆናል። ለ5,000 አካፍዪው፣ 6.4 ኪሎ። ከሁለቱ የበለጠውን ይወስዳሉ። አውሮፕላንም መኪናም ክብደቱ ሳይሞላ ቦታው ሊሞላ ይችላላ፣ ስለዚህ ቦታውንም ይሸጣሉ። አይክፋሽና ከትራሱ ይልቅ አየሩን ነው እየላክሽ ያለሽው።

አሁን ትራሱን አየር በሚያስወጣው ላስቲክ ውስጥ ክተቺና ጠፍጥፊው። ውፍረቱ ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ቢወርድልሽ 40×40×6 ማለት 9,600 ነው። ሲካፈል 1.92 ኪሎ። ያው ትራስ፣ ያው አድራሻ። አንድ ነገር ብቻ፣ ውስጡ ጥጥ ከሆነ ሲታመቅ ሊጓጉል ይችላል። አንዱን ጠፍጥፈሽ ሳምንት አቆይተሽ ፍቺውና ራስሽ እዪው። ፖሊስተር ፋይበር ከሆነ ብዙም አያስቸግርም፣ ግን ደንበኛው ከፍቶት ወዲያው እንዳይደነግጥ «እስኪነፋ ትንሽ ይጠብቁት» ብለሽ ጻፊበት።

ሚዛን_ነኝ፦
ካርቶን_አጣፊ ልክ ነው፣ ግን ይሄ በአብዛኛው የኩሪየሮች አሠራር ነው። ፖስታ ቤቶች ትንሽ ጥቅል የሚሉትን ብዙ ጊዜ በሚዛን ክብደቱ ብቻ ነው የሚያስከፍሉት፣ መጠኑ ከገደባቸው እስካላለፈ ድረስ። ስለዚህ ሰፊና ቀላል ዕቃ ፖስታ ቤት ይሻለዋል። ትንሽና ከባድ ዕቃ ደግሞ አንዳንዴ ኩሪየር ያዋጣዋል። ሁሉንም ዕቃ በአንድ መንገድ የሚልክ ሰው የሆነ ቦታ ላይ ያላግባብ እየከፈለ ነው ባይ ነኝ።

ሌላው የክብደት ደረጃ ነው። ዋጋው በየግራሙ አይጨምርም፣ በደረጃ ነው የሚዘለው። 100፣ 250፣ 500፣ 1,000 ግራም እያለ ይሄዳል፣ የምትልኪበትን ድርጅት ሰንጠረዥ አውጥተሽ እዪው። 505 ግራም የሆነ ጥቅል የቀጣዩን ደረጃ ሙሉ ዋጋ ይከፍላል። 5 ግራም ማለት ደግሞ አንድ ኤፎር ወረቀት ናት። ቀልዴን አይደለም፤ የተለመደው ማተሚያ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፣ ካሬ ሜትሩ 16 ኤፎር ይወጣዋል፣ ስለዚህ አንዷ ልክ 5 ግራም ትመዝናለች። «ስለገዙን እናመሰግናለን» የሚለው ያ ቆንጆ ደብዳቤሽ አንድ ደረጃ እያስዘለለሽ ሊሆን ይችላል። ሩብ ወረቀት ላይ ጻፊው፣ ምስጋናው አይቀንስም።

ጥልፍና_ክር፦
አሁን ተነስቼ ሻርፑን መዘንኩት። ከነማሸጊያው 530 ግራም!

ሚዛን_ነኝ፦
ካርቶኑን ብቻውንስ?

ጥልፍና_ክር፦
140።

ሚዛን_ነኝ፦
ሻርፕ ምን ያደርግለታል ካርቶን? አይሰበር፣ አይታጠፍ አይባል። ወፍራም የፕላስቲክ ፖስታ ውስጥ ክተቺው፣ 15 ግራም ቢመዝን ነው። 530 ሲቀነስ 140፣ ሲደመር 15፣ 405 ግራም። ከ500 በታች ገባሽ። መጀመሪያ ዝናብ እንዳይገባበት በስስ ላስቲክ ጠቅልዪው እንጂ ሌላ ነገር አያስፈልገውም።

ካርቶን_አጣፊ፦
ካርቶን የግድ ለሚያስፈልጋችሁ ሰዎች ደግሞ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ካርቶን ሁሉ በልክ አይገኝም። ሰው ደግሞ ዕቃው 9 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ኖሮት ካርቶኑ 20 ሲሆንበት ባዶውን በወረቀት ይሞላል። ወረቀቱም ክብደት፣ ባዶውም መጠን! ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው።

ዕቃውን ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጡት። ከሥሩና ከላዩ የምታደርጉትን መከላከያ ጨምሩና ከፍታው የት ላይ እንደሚያልቅ ውስጡ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ዕቃውን አውጡ። አራቱን ማዕዘኖች ከላይ እስከ ምልክቱ ድረስ በቢላዋ ቁልቁል ቅደዱ። ከዚያ ማስመሪያ ምልክቱ ላይ አስደግፋችሁ በማይቆርጥ ነገር፣ በማንኪያ እጀታም ይሁን በተዘጋ እስክሪብቶ፣ ጫን ብላችሁ አስምሩበት። በቢላዋ ካሰመራችሁ ካርቶኑ ይቆረጥና ማጠፊያው ላይ ይተረተራል። አሁን አራቱን ክንፎች ወደ ውስጥ እጠፉ። እርስ በርስ ከተደራረቡ የተረፈውን በመቀስ ቁረጡት፣ እሱም ክብደት ነው። ከዚያ ፕላስተር። ሲለምድ ፈጣን ነው፣ እኔ ሬዲዮ እየሰማሁ ነው የማደርገው።

ሲለኩም እነሱ የሚለኩት ያበጠውን ነው። ጎኑ ወደ ውጭ የተነፋ ካርቶን 2 ሳንቲ ሜትር ሊጨምር ይችላል። ፕላስተሩን ስታስሩ ጎኑን ጫን አድርጉት።

አሮጌ_መጻሕፍት፦
እኔ ያገለገሉ መጻሕፍት ነው የምሸጠው። ለእኔ መላኪያ ብዙም አያስቸግረኝም ምክንያቱም ብዙ ፖስታ ቤቶች ለመጽሐፍና ለታተመ ጽሑፍ የተለየ ቅናሽ ያለው አገልግሎት አላቸው። ሰው ሳይጠይቅ ግን አይነገረውም። ስለዚህ ማንኛችሁም ብትሆኑ መስኮቱ ላይ ያለውን ሰው «ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ ሌላ አማራጭ አለ ወይ?» በሉት። ሲበዛባቸው ያኮርፋሉ፣ ግን ይነግሯችኋል።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስና፣ እኔ «መላኪያ ነጻ» በይ ባይ ነኝ። ሰው ነጻ የሚለውን ሲያይ እጁ ይፈታል። መላኪያውን ዋጋው ውስጥ ቀብሪው፣ አለቀ።

ሚዛን_ነኝ፦
አይ ወንድሜ፣ እዳው ገብስ አይደለም። በቁጥር እንየው። ዕቃው 100 ይሁን፣ መላኪያው 30። የየትኛውም አገር ገንዘብ ይሁን፣ ለውጥ የለውም። አንተ እንዳልከው 130 አድርገሽ «መላኪያ ነጻ» አልሽ እንበል። አንድ የገዛው ምንም አልሆነ። ሁለት የገዛው ግን 260 ይከፍላል። ሁለቱን በአንድ ጥቅል መላክ ደግሞ 60 አያወጣም፣ 38 ነው እንበል። በግልጽ ብታስከፍዪው 238 ነበር። ስለዚህ ብዙ የገዛሽን ሰው 22 ቀጣሽው ማለት ነው። ደጋግሞ የሚገዛው ደንበኛ ይሄን ያያል፣ ሞኝ አይደለም።

ደግሞ ቅርብ ያለው ሰው የሩቁን መላኪያ ይሸከማል። ጎረቤት ከተማ ያለ ሰው ለምን 30 ይከፍላል?

አሮጌ_መጻሕፍት፦
እሺ፣ እሱስ ልክ ነህ። እኔ ግን አብዛኛው ደንበኛዬ አንድ መጽሐፍ ነው የሚገዛው። አንድ አንድ ለሚሸጥ ሰው ይሠራል።

ሚዛን_ነኝ፦
እሱን እቀበላለሁ። አንድ አንድ የሚሸጥና ሁሉም ደንበኛ ተቀራራቢ ርቀት ላይ ያለ ሰው ይቅበረው። ጥልፍና_ክር ግን ሻርፕ ሁለት ሦስት ሆኖ ይሄድላታል ብዬ እገምታለሁ። ለእሷ የሚሻላት ከዚህ ቁጥር በላይ ለገዛ ነጻ የሚለው ነው። የት ላይ ይጀምር? እንደገና ሒሳብ። የ100ው ዕቃ ክርና ጨርቁ፣ የመሸጫ ገጹ ኮሚሽን፣ ማሸጊያው ተደምሮ 60 ቢያስወጣት 40 ይተርፋታል። አንዱን በነጻ ብትልክ 30ው ይሄድና 10 ትቀራለች። ሁለቱን በነጻ ብትልክ ከ80 ላይ 38 ሲቀነስ 42 ይቀራታል፣ ያውም በአንድ ጉዞ፣ በአንድ ማሸግ። እንግዲህ ነጻው ከሁለት ዕቃ ይጀምር። ሁለተኛ ሻርፕ ለመሸጥ የከፈለችው ዋጋ ነው ብላ ትቁጠረው። ከአንድ ዕቃ ላይ ነጻ ብትል ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል።

ኮሚሽንን ካነሳሁ፣ መሸጫ ገጾቹ ኮሚሽናቸውን ከመላኪያውም ላይ እንደሚቆርጡ አስቡበት። ኢቤይ ከጠቅላላው ላይ ነው የሚያሰላው፣ መላኪያውን ጨምሮ። ኤትሲም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ እንደዚያው ነው፣ በ2022 ደግሞ ከ5 ወደ 6.5 በመቶ ከፍ አደረገው። ፖስታ ቤቱ 30 ቢጠይቅሽና ደንበኛውን 30 ብታስከፍዪው 28.05 ነው የሚደርስሽ። ልዩነቱን ከየት እንደምታመጪው ከአሁኑ ወስኚ።

ጥልፍና_ክር፦
እኔ እስከዛሬ መላኪያውን ልክ በልኩ ነበር የማስከፍለው። ይሄን ማንም አልነገረኝም! ቆይ እሺ፣ ሁለት ሻርፕ እንዲገዙ እንዴት ነው የማደርጋቸው? ሰው ስንት አንገት አለው ሃሃ።

ቅርጫት_ጥዬ_እወጣለሁ፦
እኔ ሻጭ አይደለሁም፣ ገዢ ነኝ። ስሜን አይታችሁ ፍረዱ። አንድ ነገር ልበል። እኔን መላኪያ ውድ መሆኑ ብቻውን አያሸሸኝም። የሚያሸሸኝ መጨረሻ ላይ ብቅ ማለቱ ነው። አድራሻ ሞልቼ፣ ስልክ ሰጥቼ፣ ካርዴን ላወጣ ስል ዋጋው ሲዘል የተታለልኩ ይመስለኛል። ዕቃው ፎቶ ሥር ላይ «መላኪያው ይህን ያህል ነው፣ በዚህ ቀን ይደርሳል» ብትይኝ እኮ ወይ እገዛለሁ ወይ ጊዜሽን አላባክንም።

ሌላው ምርጫ ስጡን። ሁሉም ሰው አይቸኩልም። ርካሹና የሚዘገየው መንገድ ይኑር፣ ፈጣኑም ይኑር። እኔ ሻርፕ ነገ ካልደረሰልኝ ብዬ አላብድም።

ሁለተኛውን ሻርፕ በተመለከተ፣ አንዱን ለራሴ አንዱን ለስጦታ። ሁለተኛውን በቀጥታ ለስጦታው ባለቤት ላኪልኝ እስካላልኩሽ ድረስ በአንድ ላይ ይመጣል።

ካርቶን_አጣፊ፦
ይሄ ሰው ደንበኛ ይሁንልኝ።

ጥልፍና_ክር፦
ውጭ አገር ስለመላክስ? ደንበኞች ይጠይቁኛል፣ እኔ ግን ፈርቼ ዘግቼዋለሁ። ደግሞ አንድ የማይገባኝ ነገር፣ ከዓለም ማዶ የሚመጣ ርካሽ ዕቃ መላኪያው ከእኔ የሚያንሰው እንዴት ሆኖ ነው?

ጡረተኛው_ፖስተኛ፦
ልጄ፣ ሥራዬ ስለነበር ይሄኛውን ልመልስልሽ። ዓለም አቀፍ የፖስታ ኅብረት የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. በ1874 በርን ላይ የተቋቋመ ነው፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱም እዚያው ስዊዘርላንድ ነው። አሠራሩ አንቺ መላኪያውን የምትከፍዪው ለራስሽ ፖስታ ቤት ነው፣ ተቀባዩ አገር ያለው ፖስታ ቤት ግን ቤት ለቤት የማደሉን ሥራ ይሠራል። ለዚያ ሥራ አንዱ ፖስታ ቤት ለሌላው የሚከፍለው የመዳረሻ ክፍያ አለ። ከ1969 ወዲህ ነው የመጣው። ይሄ ክፍያ ለታዳጊ አገሮች ዝቅ ተደርጎ ስለተሠራ ከአንዳንድ አገር የሚላክ ትንሽ ጥቅል ማዶ ተሻግሮ መታደሉ እዚያው አገር ውስጥ ከመላክ ይረክስ ነበር። በዚህ ጉዳይ አሜሪካ ከኅብረቱ እወጣለሁ እስከማለት ደርሳ በ2019 መስከረም ላይ ጄኔቫ ላይ ልዩ ጉባኤ ተደርጎ አገሮች የራሳቸውን ክፍያ ወደ መወሰን እንዲሄዱ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ስለዚህ ያ ዘመን እያለፈ ነው። ከዚያ በተረፈ ትልልቆቹ ሻጮች ዕቃቸውን ቀድመው በጅምላ አጓጉዘው ደንበኛው አጠገብ ያለ መጋዘን ውስጥ ያስቀምጣሉ። ከእነሱ ጋር በመላኪያ ዋጋ አትፎካከሪ።

ውጭ የምትልኪ ከሆነ ትንሽ ጥቅል እስከ 2 ኪሎ ነው። ሦስቱ ልኬቶች ተደምረው ከ90 ሳንቲ ሜትር፣ ትልቁ ጎን ደግሞ ለብቻው ከ60 እንዳያልፍ። ትራስሽን በ40 በ40 በ20 ካርቶን ይዘሽ ብትመጪ ድምሩ 100 ስለሆነ እመልስሽ ነበር። ጠፍጥፈሽ ስታመጪው 86 ነው፣ ያልፋል።

የጉምሩክ ቅጹን በጥንቃቄ ሙዪው። ዋጋው ዝቅ ላለ ዕቃ ሲኤን22፣ ከፍ ላለ ሲኤን23 ነው። «ስጦታ»፣ «ዕቃ» ብለሽ አትጻፊ፣ በእጅ የተሠራ የሱፍ ሻርፕ፣ ብዛት 1 በይ። የጉምሩክ የዕቃ መለያ ቁጥር አለ፣ የመጀመሪያዎቹ 6 አኃዞች በዓለም ሁሉ አንድ ናቸው። ለየዕቃሽ አንዴ ፈልገሽ ያዥው። መረጃው በኮምፒውተር ቀድሞ ካልተላከ የሚመልሱ አገሮች በዝተዋል፣ የተመለሰ ጥቅል ደግሞ የሄደበት መላኪያ አይመለስም።

ሚዛን_ነኝ፦
ጋሼ፣ እናመሰግናለን። ቀረጡንም ጨምሩላት እንጂ።

ጡረተኛው_ፖስተኛ፦
አዎ፣ እሱ ነው አሁን ሰውን የሚያጣላው። የአውሮፓ ኅብረት እስከ 22 ዩሮ ድረስ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻነት በሐምሌ 2021 አንስቶታል። አሜሪካም እስከ 800 ዶላር ያለው ዕቃ ያለ ቀረጥ የሚገባበትን መንገድ በነሐሴ 29 ቀን 2025 ዘግታለች፣ ቀኖቹ በፈረንጆቹ ናቸው። ብዙ ፖስታ ቤቶች ያን ሰሞን ወደዚያ ዕቃ መቀበል አቁመው ነበር። ስለዚህ ደንበኛሽ መላኪያ ከፍሎ ሲያበቃ በር ላይ ሌላ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል፣ ከነማስተናገጃው። አልከፍልም ካለ ዕቃው ይመለሳል፣ ጣጣው ያንቺ ነው። ከመግዛቱ በፊት በግልጽ ጻፊለት። ቀረጡን አስቀድሞ የሚያስከፍል አገልግሎት ካለሽ እሱን ያዢ። እኔ አንቺን ብሆን ለጊዜው ሻርፑን ብቻ ለሁለት ሦስት አገር እከፍት ነበር፣ ዓለምን በሙሉ አልከፍትም።

የፕላስቲክ_ፖስታ፦
ክትትል ያለው መላኪያስ ትገዛላችሁ? እኔ ርካሽ የጆሮ ጌጥ ነው የምሸጠው፣ ትራኪንጉ ብቻ ጌጡን ያህል ያወጣል።

ሚዛን_ነኝ፦
በያንዳንዱ ጥቅል ላይ ስንት ይጨምራል፣ አንድ ዕቃ ቢጠፋ እንደገና ለመላክ ስንት ያወጣል፣ ሁለቱን አነጻጽሪ። ከላይ ባለው ምሳሌ እንደገና መላክ 60 ሲደመር 30፣ 90 ነው። ትራኪንጉ 5 የሚጨምር ቢሆን 90ን ለ5 ስታካፍዪው 18። ከ18 ጥቅል አንዱ ካልጠፋብሽ ትራኪንጉ በገንዘብ ብቻ አላዋጣም ማለት ነው። ትራኪንግ ገዝተሽም ዕቃው ሊጠፋ ይችላል፣ ቁጥሩ የት እንደቆመ ነው የሚነግርሽ። ለርካሽ ዕቃ ያንን 5 ከማውጣት ከየሽያጩ ትንሽ ትንሽ ለይተሽ አስቀምጪና የጠፋውን ከዚያ ተኪ።

ግን ግን፣ «አልደረሰኝም» የሚል ሰው መሸጫ ገጹ ላይ ክስ ሲከፍት የመድረሱ ማስረጃ ከሌለሽ ብሩን መልሺ ትባያለሽ። ስለዚህ ዋጋው ከፍ ያለ ዕቃ ያለ ትራኪንግ አይላክ። መስመሩን የት ላይ እንደምታሰምሪ አንቺ ታውቂያለሽ።

ጡረተኛው_ፖስተኛ፦
ደረሰኝ አትጣሉ! ውጭ የተላከ ነገር ከጠፋ አቤቱታ ማቅረቢያው ከተላከበት ቀን ማግስት ጀምሮ 6 ወር ነው። ሰው ይናደድና ይረሳዋል፣ ሲመጣ ጊዜው አልፏል። የመከታተያ ቁጥሩ ደግሞ 13 ፊደልና አኃዝ ነው፣ ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ ከዚያ የላኪውን አገር የሚነግሩ ሁለት ፊደሎች። ለደንበኛ ስትልኩ አንዷ ከጎደለች አይሠራም፣ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩለት።

ሦስት_ሆነን፦
እኛ ሦስት ሻጮች ተሰባስበን በአንድ አካውንት ነው የምንልከው። ኩሪየሩ ብዛት ሲያይ ዋጋ ይቀንሳል። አንዷ ለብቻዋ ብትጠይቅ የሚሰሟት የለም፣ ሦስታችን የወራችንን ቁጥር ይዘን ስንሄድ ግን ተቀምጠው አነጋገሩን። የሚፈልግ ይሞክረው።

ካርቶን_አጣፊ፦
ጥሩ ነው፣ ግን አካውንቱ በማን ስም ነው? ኩሪየሮች ከላካችሁ በኋላ የሚያመጡት ተጨማሪ ቢል አለ። አድራሻ ተሳስቷል፣ ካርቶኑ ከተጻፈው ልኬት በልጧል፣ ቦታው ከመንገድ የራቀ ነው፣ ነዳጅ ጨምሯል። ቢሉ ሲመጣ የሚከፍለው የአካውንቱ ባለቤት ነው። ጓደኝነት የሚፈርሰው እዚያ ላይ ነው። የትኛው ጥቅል የማን እንደሆነ የሚጻፍበት መዝገብ ይኑራችሁ፣ ከመላካችሁ በፊትም ካርቶኑን ሜትር ላይ አስደግፋችሁ ፎቶ አንሡት። «በልጧል» ሲሉ ፎቶውን ትልካላችሁ።

ሦስት_ሆነን፦
በእኔ ስም ነው። አሁን አስፈራኸኝ። መዝገቡን ዛሬውኑ እጀምራለሁ።

አሮጌ_መጻሕፍት፦
መስኮት ላይ ከመክፈል ጥቅሉ ላይ የሚለጠፈውን የመላኪያ ወረቀት፣ ሌብሉን፣ ኦንላይን ገዝቶ አትሞ መሄድ በብዙ ቦታ ይረክሳል፣ ወረፋም የለውም። ቤት ለቤት ከማድረስ ይልቅ ደንበኛው ራሱ የሚወስድበት ቦታ ካለም እሱን ምርጫ ውስጥ አስገቡት። ከሁሉም የሚወደደው የመጨረሻዋ በር ድረስ ያለችው መንገድ ናት።

ጥልፍና_ክር፦
ተባረኩ። ትራሱን እንዲህ ላደርገው አሰብኩ። የትራስ ልብሱን ብቻ እሸጣለሁ፣ ውስጡን ደንበኛው ራሱ ይግዛ። 30 በ25 በ2 ሆኖ ፕላስቲክ ፖስታ ውስጥ ይገባል። ሙሉ ትራስ የሚፈልግ ካለ ተጠፍጥፎ በሌላ ዋጋ። የቀሩኝ ፍሬሞቹ ናቸው። መስታወት አላቸው፣ ይከብዳሉ፣ ይሰበራሉ፣ ካርቶን ብቆርጥም ፕላስቲክ ፖስታ ብልም አይሆኑም።

ካርቶን_አጣፊ፦
ልብሱን ብቻ ካልሽ የመጠኑ ክብደት ወደ 300 ግራም ወረደ። ልኬቱን ዕቃው ፎቶ ሥር በትልቁ ጻፊው፣ አለበለዚያ «ለትራሴ አልበቃ አለ» ብለው ይመልሱልሻል፣ መመለሻውም መላኪያ ነው።

ፍሬሙን ግን ተይው። መስታወት በፖስታ የሚልክ ሰው ሁለቴ ይከፍላል፣ አንዴ ለክብደቱ አንዴ ለስብራቱ። ጥልፉን ያለ ፍሬም ሽጪ፣ ሰው እንደ ግድግዳው የፈለገውን ፍሬም ያስገባበት።

ጥልፍና_ክር፦
ቢታጠፍ መስመሩ ይቀርበታል። ጠቅልዬ ቱቦ ውስጥ ልክተተው?

ጡረተኛው_ፖስተኛ፦
ይሆናል። ለቱቦ ገደቡ ሌላ ነው። ርዝመቱ ላይ የዲያሜትሩን እጥፍ ስትደምሪ ከ104 ሳንቲ ሜትር እንዳያልፍ፣ ርዝመቱ ብቻውን ደግሞ ከ90። በኩሪየር ከሆነ ግን አስቀድመሽ ጠይቂ፣ የሚንከባለል ነገር ማሽናቸው ላይ ስለማይሄድ ተጨማሪ የሚያስከፍሉ አሉ።

የፕላስቲክ_ፖስታ፦
ስትጠቀልዪው የተጠለፈው ፊት ወደ ውጭ ይሁን። ወደ ውስጥ ከሆነ ክሩ ይጨማደዳል። መሃሉ ላይ ወፍራም ካርቶን ጥቅል አድርጊለት፣ በጠባቡ አትጠቅልዪው፣ ከላዩ ስስ ወረቀት።

ጥልፍና_ክር፦
እሺ፣ ነገ ፍሬሞቹን ከገጹ ላይ አወርዳለሁ። የተሠሩት ጥቂት ቀርተዋል። መጥቶ የሚወስድ ካለ በቅናሽ ነው፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ቅርጫት_ጥዬ_እወጣለሁ፦
ፎቶ ለጥፊ እስቲ። መላኪያው ስንት ነው ብዬ አልጠይቅሽም።